ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ወዴት ነው የምታዞሩት?

ጋሽ ኤርሳዶ ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሺንሺቾ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጎረቤታችን ለዕቃ ሆሳዕና ሄዶ ሲመለስ፣ ጆንያውን ሳያወርድ፣ «እነዚያ የማዘጋጃ ቤቱ ሽማግሌ፣ አናጢው፣ ጊምቢቹ አርፈዋል አሉ። ታውቂያቸው አልነበር?» አለኝ። አውቃቸው እንደነበር ነገርኩት። ቤት ገብቼ ለባለቤቴ በማግስቱ ለቅሶ እንደምሄድ ስነግረው ምንሽ ነበሩ ብሎ ጠየቀኝ። ባጭሩ መመለስ አቃተኝ። የሥራ ባልደረባዬ ነበሩ ብል ያንስብኛል፤ ዘመዴ ናቸው ብል ውሸት ነው።

ሆሳዕና ማዘጋጃ ቤት በታይፒስትነት የተቀጠርኩት በደርግ ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው። አባቴ ከሸዋ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተመድቦ የመጣ ሰው ነበር። እሱ ሲሞት እኔና እናቴ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ቀረን። ጋሽ ኤርሳዶ ደግሞ በማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ጊምቢቹ አጠገብ ነው። በወጣትነታቸው ሚሲዮኖች ክሊኒክና ትምህርት ቤት ሲያሠሩ አናጢነቱን ከዚያ ተማሩ። አማርኛውንም የተማሩት እዚያው ሥራ ላይ ስለነበር ሲቸኩሉ ወንድና ሴት ይደባለቅባቸዋል። ረጋ ሲሉ «አንቺ» ይሉኛል፣ ሲጣደፉ «አንተ»። መጀመሪያ መጀመሪያ እስቅ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ መክበዱን የማውቅበት ሆነ።

ረጅም ሰው ነበሩ፤ እርሳስ ከጆሯቸው ላይ አይጠፋም። ሰው ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። ቀጥሎ በጫማቸው ጫፍ የግድግዳውን ሥር ነካ ነካ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ነው ባርኔጣቸውን አውልቀው «እንደምን ዋላችሁ» የሚሉት። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አንድ ቀን ይህ ነውር አይደለም ወይ ቢላቸው፣ «ቤት ከላይ ይበሰብሳል፣ ከታች ምስጥ ይበላዋል፤ መሀሉ ሰው ነው። እኔ ሁለቱን አይቼ ነው ስለ ሦስተኛው የምጠይቀው» አሉት።

በዚያ ዘመን የኪራይ ቤቶቹ ሁሉ ተወርሰው ትንንሾቹን ቀበሌ ነበር የሚያስተዳድረው። ኪራዩ ርካሽ ነው፤ የሚያድስ ግን የለም። ተከራዩ የእኔ አይደለም ብሎ እጁን አያነሳም፣ ቀበሌው በጀት የለኝም ይላል። ሆሳዕና ደግሞ ዝናብ አያጣትም። የነዋሪው ማመልከቻ በእኔ እጅ ያልፋል፤ መልሱንም የምጽፈው እኔው ነኝ። እስከ ዛሬ በቃሌ አለ፦ ጥያቄዎ በበጀት እጥረት ምክንያት ለጊዜው ተቀባይነት አላገኘም። አንድ ቀን ይህንኑ ስጽፍ ጋሽ ኤርሳዶ ከኋላዬ ቆመው አነበቡና «ይሄ ለጊዜው የሚባለው እስከ መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ወረቀቱን ከጽሕፈት መኪናው ላይ እንዳለ ትተውት ቀጥ ብለው ወደ ሹሙ ቢሮ ገቡ።

ይዘውት የገቡት ሐሳብ ቀላል ነበር። በከተማዋ የመምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር አለ፤ ከየደመወዛቸው እየተቆረጠ የተጠራቀመ ገንዘብ። ማኅበሩ ለቤት ማደሻ ለነዋሪው ያበድር። ማዘጋጃ ቤቱ ዋስ ይሁን፤ እንጨቱን ከከተማው ባሕር ዛፍ ይስጥ፤ ቆርቆሮው በመንግሥት ዋጋ እንዲመጣ ደብዳቤ ይጻፍ። ቀበሌው ደግሞ ዕዳው እስኪያልቅ ኪራይ አይቀበል፤ ነዋሪው ኪራይ ይከፍል የነበረውን ለማኅበሩ ይክፈል። ሹሙ ፈሪ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር። እስቲ የተጎዱትን ቤቶች መዝግበህ አምጣ አላቸው። ጸሐፊ ሆኜ አብሬ እንድሄድ እኔን ሰጣቸው።

ሁለት ሳምንት ሙሉ በጭቃ ተመላለስን። መዝጋቢ ሲመጣ ሰው ሁሉ ችግሩን ያበዛል፤ ማን ከማን እንደሚብስ ለመለየት ያስቸግራል። ጋሽ ኤርሳዶ ግን ለሁሉም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው። «ዝናብ ሲመጣ አልጋውን ወዴት ነው የምታዞሩት?» ይላሉ። አንዱ ወደ ጓዳ ይላል፣ ሌላው ወደ በሩ። አንዳንድ ቤት ግን ሰዎቹ እርስ በርስ ይተያዩና ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረው «ከላይ ጻፊያቸው» ይሉኛል።

እኛም ቤት መጡ። እናቴን ደረቷን ያማት ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሳሏ ግድግዳ ያልፋል። ያንን ጥያቄ ሲጠይቋት መዋሸት የማታውቅ ሴት ናትና ወደ መስኮቱ እንደምናዞረው፣ እዚያ ጋ እንደማያፈስ ነገረቻቸው። ከወጣን በኋላ ቀስ ብለው፣ «የእናንተ ሁለተኛው ዙር ነው። ገና ደረቅ ማዕዘን አላችሁ» አሉኝ። ጨክነውብኝ መሰለኝ። እዚያው መሥሪያ ቤት እየሠራሁ፣ መዝገቡን በገዛ እጄ እየጻፍኩ፣ እናቴ አንድ ክረምት ትጨምራለች ማለት ነው። ሁለት ቀን ሰላምታቸውን በግማሽ አፌ ነበር የምመልሰው።

የቀረው ማኅበሩን ማሳመን ነበር። ሰብሳቢው መምህር ጴጥሮስ የሚባል የዱራሜ ሰው ነው። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተልኬ ስብሰባው ላይ ነበርኩ። አባላቱ ተቃወሙ። በላባችን ያጠራቀምነውን፣ ቤቱ የራሱ ላልሆነ ሰው እንዴት እናበድራለን አሉ። አልተሳሳቱም። ጋሽ ኤርሳዶ ዕድል ሲሰጣቸው ብዙ አልተናገሩም። ከኮታቸው ኪስ አንድ ደብተር አወጡ። ከጎበኘናቸው ቤቶች በአንዱ፣ ምድጃ አጠገብ ሊደርቅ ተሰቅሎ ያገኙት የተማሪ ደብተር ነው። ቅጠሉ ተጣብቋል፤ ቀለሙ ወርዶ ሰማያዊ ኩሬ ሠርቷል። እጅ በእጅ እንዲያልፍ ሰጡ። መምህር ጴጥሮስ ዘንድ ሲደርስ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። ጣቱን ገጹ ላይ አድርጎ፣ «ይሄ የእኔ እርማት ነው» አለ። «ልጅቷን ደብተሯን አበላሸች ብዬ ገርፌያታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ክርክሩ በሌላ ድምፅ ሆነ። ስምምነቱን በአራት ቅጂ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማኅበሩ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ቀበሌውም ፈረሙ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲፈርም ብዕሩን ወረቀቱ ላይ በጣም ተጫነው። የኪራይ ገቢው ለጊዜው ስለሚቀርበት ደስ አላለውም።

ለመጀመሪያው ዙር አሥር ቤቶች ተመረጡ። እንጨቱ ቀድሞ መጣ። ቆርቆሮው በሰኔ አጋማሽ ይደርሳል ተብሎ ስለነበር ጋሽ ኤርሳዶ የበሰበሰውን ክዳን አስነሥተው አዲሱን የጣሪያ ወራጅና ማገር አስመቱ። ቆርቆሮው ግን ዘገየ። ሐምሌ ገባ። አሥሩ ቤተሰቦች ላስቲክና ሰሌን ከላያቸው ዘርግተው ተቀመጡ። ሰዎቹ ክዳናቸውን ያፈረሱት በእሳቸው ቃል ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ጋሽ ኤርሳዶ ምሳ አይበሉም ነበር። የምሳ ሰዓታቸውን መናኸሪያው ጋ ቆመው፣ ከአዲስ አበባ የሚገባውን የጭነት መኪና ሁሉ ያያሉ።

መጨረሻ ላይ አንድ ማክሰኞ ማታ ቆርቆሮው መጥቶ ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ገባ። ረቡዕ ረፋድ ላይ ሹሙ ጠርቶኝ በእጁ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ፤ ፊቱን አላሳየኝም። ቆርቆሮው ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል የክብር እንግዶች ለሚቀመጡበት ዳስ እንዲውል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ዛሬውኑ ይረከብ የሚል ትእዛዝ ነው። ስብሰባ ስላለበት ዘጠኝ ሰዓት ተመልሶ እንደሚፈርም፣ እስከዚያ አባዝቼ እንድጠብቀው ነግሮኝ ወጣ።

ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ለባልደረባዬ ካርቦን ወረቀት አልቆብኛል ብዬ ተነሣሁና ወደ መጋዘኑ ሄድኩ። ጋሽ ኤርሳዶ የቆርቆሮ ምስማር በጣሳ እየሰፈሩ ነበር። ነገርኳቸው። ጣሳውን መሬት አስቀመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ተፈርሟል?»

«አልተፈረመም። ገና አልጻፍኩትም። ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚፈርሙት።»

«ሂድ» አሉኝ። «አትሩጥ። ቀስ ብለህ ሂድ። እዚህ አልመጣህም።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያንን አንድ ገጽ ደብዳቤ አራት ጊዜ አበላሽቼ አራት ጊዜ ጻፍኩት። ሪባኑን ፈታሁት፣ መልሼ ጠመጠምኩት። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከወደ ገበያው በኩል የመዶሻ ድምፅ ተሰማ። መጀመሪያ አንድ ቦታ፣ ቀጥሎ ሁለት ቦታ፣ ከዚያ ከተማው ሁሉ የሚቀጠቀጥ መሰለኝ። በኋላ እንደሰማሁት አሥሩም ቤት ውስጥ ያለ ወንድና ሴት፣ ጎረቤት ሳይቀር፣ ቆርቆሮውን በትከሻው ተሸክሞ ወስዷል። መምህር ጴጥሮስ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ መምህራን ሰብስቦ መጥቶ ማገር ላይ ወጥተዋል። ጋሽ ኤርሳዶ ከቤት ቤት እየዞሩ «ዳሩን አስቀድሙ፣ ንፋስ የሚገባው በዳር ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ሹሙ መጣ፤ ፈረመ። ዘጠኝ ተኩል ላይ ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ይዞ መጋዘን ሲደርስ የቀረው አንድ ጣሳ ምስማር ነው። ቆርቆሮው አሥር ጣሪያ ላይ ነበር። አስነሥቼ እወስዳለሁ ብሎ ቢዝትም፣ የተበሳሳ ቆርቆሮ ለክብር እንግዳ እንደማይሆን እሱም ያውቃል። ጋሽ ኤርሳዶን ከመጨረሻው ቤት መሰላል ላይ አስወርዶ ወሰዳቸው።

አሥራ አንድ ቀን ቀበሌው ውስጥ ታሰሩ። ሊቀመንበሩ የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ትእዛዙ ከመፈረሙ በፊት ማን እንደነገራቸው። በየቀኑ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም በየቀኑ፣ «ሐምሌ ነው ጓድ፤ ሐምሌ ነው የነገረኝ» ይሉታል። ይህንን የነገረኝ አንድ ጥበቃ ነው፤ እየሳቀ ነበር የነገረኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አልነበረኝም። ሄጄ እኔ ነኝ ልበል ብዬ ሁለት ጊዜ እስከ ቀበሌው በር ደርሼ ተመልሻለሁ። ለእናቴ ነገርኳት። ምሳ ቋጥራ ሰጠችኝና «ይህን አድርሺ። ቢያንስ በእኛ ምክንያት ጦማቸውን አይዋሉ» አለች።

ምሳ ዕቃውን ይዤ ስሄድ በሩ ላይ ባለቤታቸውን እትዬ አመነችን አገኛታለሁ፤ ሕፃን አዝላ፣ ሌላ በእጇ ይዛ። ታየኛለች፤ አታናግረኝም። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኤርሳዶ ዕቃውን ሲመልሱልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እናቴን እንዳመሰግንላቸው፣ እኔ ግን ከእንግዲህ እንዳልመጣ፣ ሌላ ሰው እንድልክ ነገሩኝ። ደጋግሜ በመጣሁ ቁጥር ሊቀመንበሩ ማሰብ እንዳይጀምር ፈርተው ነው። እሳቸው እስር ቤት ሆነው የሚጨነቁት ለእኔ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከአውራጃው አስተዳደር አንድ መርማሪ መጣ። መምህር ጴጥሮስ ስምምነቱን ይዞ ሄዶ አቤት ብሎ ነበር። መርማሪው ሁሉንም ይዞ ቤቶቹን ለማየት ወጣ፤ ጋሽ ኤርሳዶን በጥበቃ፣ ሊቀመንበሩን፣ ሹሙን፣ መምህር ጴጥሮስን፣ እኔንም ለጽሑፍ። መጀመሪያ የገባነው ቆጮ እየሸጡ የሚተዳደሩት እማማ አበበች ቤት ነው። ሊቀመንበሩ የመንግሥት ንብረት እንዴት እንደተዘረፈ ማስረዳት እንደጀመረ ዝናቡ መጣ።

የሐምሌ ዝናብ አዲስ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዴት እንደሚጮህ የሰማ ያውቀዋል። ሊቀመንበሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። ጨመረ። አፉ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ የሚለው አይሰማም። መርማሪው እጁን አንሥቶ አስቆመውና እማማ አበበች ያቀረቡለት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሁላችንም ግድግዳ ተደግፈን ቆምን። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ጋሽ ኤርሳዶ ጥበቃው አጠገብ ቆመው ቀና ብለው ጣሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያዩት ነበር፤ እስረኛ መሆናቸውን የረሱ መሰለኝ።

ዝናቡ ሲያባራ መርማሪው ወደ ሴትየዋ ዞሮ፣ «እማማ፣ በፊት ሲዘንብ የት ነበር የሚተኙት?» አላቸው።

«ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፣ ልጄ» አሉት።

ስምምነቱን ጠየቀ፤ አነበበ። የአሥሩ ቤቶች ስም ከዝርዝሩ ጋር አንድ መሆኑን እኔን አስነበበኝ። ከዚያ ለሊቀመንበሩ፣ ይህ ወረቀት ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ አይደለም ወይ አለው። ጋሽ ኤርሳዶ ተፈትተው ከዚያው ቤት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ሥራ ገቡ። ሰው ሲበተን ጠብቄ መጋዘኑ ሄድኩና ማልቀስ ጀመርኩ። አለመናገሬ ሌት ተቀን እንዳቃጠለኝ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «አንቺ ብትናገሪ ኖሮ ሁለት ሰው ይታሰር ነበር» አሉኝ። «ጣሪያው ግን ያው አሥር ጣሪያ ነው። ታዲያ ትርፉ ምንድን ነው?»

የእኛ ቤት በጥቅምት፣ በተራው ታደሰ። ወራጁን ራሳቸው መቱት። እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ክረምት ኖራለች። ሳሏ ፈጽሞ አልተዋትም፤ ግን ዝናብ ሲጀምር ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ፣ አልጋዋን ሳታንቀሳቅስ፣ «እግዜር ይስጣቸው» ብላ ትተኛ ነበር። ማኅበሩና ማዘጋጃ ቤቱ በዚያው ውል ብዙ ቤት አሳደሱ። ዕዳውን ጥሎ የጠፋ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የእሱንም ጋሽ ኤርሳዶ ከደመወዛቸው ሲከፍሉ ነበር ብሎ መምህር ጴጥሮስ በኋላ ነግሮኛል። መንግሥት ሲለወጥ ነገሩ በዚያው ቆመ። እኔ አግብቼ ሺንሺቾ ገባሁ፣ እሳቸውም ጡረታ ወጥተው ጊምቢቹ ገቡ። ብዙ ጊዜ ሄጄ ልጠይቃቸው አስቤ፣ ዛሬ ነገ ስል ዓመታቱ አለፉ። ይህ ይቆጨኛል።

ጊምቢቹ የደረስኩት ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነው። እንግዳው እየሳሳ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች ገና አሉ። እትዬ አመነች ሸምግላለች። አላወቀችኝም። ማዘጋጃ ቤት አብሬያቸው እሠራ እንደነበር ስነግራት አጠገቧ አስቀመጠችኝና የድሮውን ማንሣት ጀመረች። ስለዚያ እስር አወራች። «ማን እንደነገረው ለሊቀመንበሩ አልተናገረም» አለች። «ለእኔም አልተናገረም። ስንት ዓመት ጠየቅኩት። ሚስትህ አይደለሁም ወይ እለዋለሁ። የሰው ምስጢር ነው ይለኛል። ይዞት ሄደ።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አልኳት። «የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ብዙ አየችኝ። «ያቺ ምሳ ታመላልስ የነበረችው ልጅ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ ሰላይ ናት እያልኩ እፈራሽ ነበር» አለች፤ ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጣ። እጄን ይዛ ለሴቶች ልጆቿ በሀዲይኛ አንድ ነገር ነገረቻቸው። ተነሥተው፣ ቤተሰቡ በተቀመጠበት በኩል፣ በእሷና በታላቋ ልጅ መካከል ቦታ ለቀቁልኝ። እስከ ማታ እዚያ ተቀመጥኩ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ተራ በተራ እጃችንን እየጨበጠ ሲያልፍ እኔንም «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኝ ነበር። እኔም እንደ እነሱ «አሜን» እያልኩ ተቀበልኩ።